በእግር ስለሚነዳው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አጠቃቀምና አያያዝ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የማቀርብላችሁ ንግግር በእግር ስለሚነዳ ትንሽ ጀልባ ነው። ገና ርእሱን ስጠራ፤ «ይህ የባዕድ አገር መጫወቻ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አድማጭ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ከአድማጮች መካከል ልጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው በአሜሪካ የሚኖሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸውም ከባሕርና ከሐይቅ ዳር የሚውሉ አያሌ ናቸው። ነገሩ ለእነርሱ በቀጥታ ይጠቅማል። ለቀረነው ግን ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ፤ አድማጩ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ራሱ እንዲፈርድ እተውለታለሁ። ለጊዜው የምለው ይህን ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ በዚህ ጀልባ ላይ ተቀምጬ፤ ከባሕር መካከል እግሬ በከንቱ ሲዞር ባየሁ ጊዜ፤ ከአንድ ቀን በፊት በስንፍናና በይሉኝታ የተውሁት የሩብ ሰዓት ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ተምሬአለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አጎቴ የባሕር ዳር ተወላጅ ናቸው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከጣና ዳር፤ የደንገል ታንኳ ሲታሰርና ሲቀዘፍ እያዩ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ግን ኑሮአቸው በአሜሪካ አገር፤ በሜሪላንድ ግዛት ሆኖአል። በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለሥራ ትምህርት ወደ ዋሽንግተን ከተማ ተልኬ በነበረ ጊዜ፤ የዕረፍት ቀኖቼን ከእሳቸው ዘንድ አሳልፍ ነበር። እሳቸውም ከጡረታ ወዲህ የሚደሰቱበት ነገር ዓሣ ማጥመድ ነውና፤ ቅዳሜና እሑድ በደረሰ ቁጥር ሁለት ጀልባዎች ጭነው፤ ቼሳፒክ ወደ ተባለው የባሕር ወሽመጥ ይዘውኝ ይወርዱ ነበር።

ቼሳፒክ ከሰሜን ወደ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ታላቅ ውሃ ነው። ስፋቱንና ርዝመቱን ያየ ሰው ጥልቀቱም እንደዚያው የሚሆን ይመስለዋል፤ ነገር ግን አማካይ ጥልቀቱ ከ6 እስከ 7 ሜትር ቢሆን ነው። ከሰሜን የሚወርደው የሳስኴሃና ወንዝና ሌሎችም ወንዞች ጣፋጭ ውሃቸውን ሲያመጡ፤ ከደቡብ ደግሞ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጨዋማ ውሃ ይገባበታል። ስለዚህ የወሽመጡ ውሃ ከፊሉ ጣፋጭ፤ ከፊሉ ጨው ነው። በጥልቁ መካከል ወደ ባልቲሞር ወደብ የሚሄዱ ታላላቅ መርከቦች ይመላለሱበታል፤ በዳርና በዳሩ ግን እንደ እኛ ያለው ዓሣ አጥማጅ በትንሽ ጀልባ ይንቀሳቀስበታል። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ የሚናወጥ መሆኑን ግን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጀልባው ልግባ። ካያክ የሚባለው ጀልባ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝቦች የፈለሰፉት ነው። እነርሱ ከእንጨትና ከዐጥንት በተሠራ አጥር ላይ የዓሣ ነባሪ ዘመድ የሆነውን ሳይሆን፤ ሲል የተባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው፤ በሁለት በኩል ምላስ ባለው መቅዘፊያ እየቀዘፉ ያድኑበት ነበር። ዛሬ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሠራው ካያክ ከጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሰው ከውስጡ ሳይገባ ከላዩ ይቀመጥበታል፤ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ይደርሳል።

ዓሣ አጥማጅ በዚህ ጀልባ ላይ አንድ ችግር ነበረበት። መቅዘፊያ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ የማጥመጃው ዘንግም እንዲሁ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዓሣው መንጠቆውን በነከሰ ጊዜ መቅዘፊያውን ካስቀመጠ፤ ነፋሱ ጀልባውን ወደ ፈለገው ይወስደዋል፤ መቅዘፊያውን ከያዘ ደግሞ ዓሣው ያመልጠዋል። ለዚህም የተገኘው ብልሃት ሥራውን ለእግር መስጠት ነው። የእግር ጡንቻ ከክንድ ጡንቻ ይልቅ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ፤ ቶሎ አይዝልም፤ እጅም ነፃ ይሆናል።

በእግር የሚሠራው መንጃ በዋናው ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ዐይነት ከጀልባው ሆድ በታች ሁለት ተጣጣፊ ክንፎች አሉት። ሁለቱን መርገጫዎች በየተራ ወደ ፊት በተገፉ ጊዜ፤ ክንፎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠራረጉ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋሉ። ፔንግዊን የተባለችው ወፍ በባሕር ውስጥ በክንፎቿ ስትዋኝ ያየ ሰው አሠራሩ ፈጥኖ ይገባዋል። ይህን መንጃ ሆቢ የተባለው የካሊፎርንያ ጀልባ ሠሪ ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ለገበያ አወጣው።

ሁለተኛው ዐይነት በብስክሌት አምሳል የተሠራ ነው። ፔዳሎቹ ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ዙሩም ቀጥ ብሎ ወደ ውሃ በሚወርድ ዘንግና በጥርሳም ማርሾች አማካይነት ከታች ላለው ውልብልቢት ይደርሳል። በአንዳንዶቹ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ውልብልቢቱ ወደ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህኛው ፔዳሉን ወደ ኋላ በማዞር ብቻ ጀልባውን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ይህም ትልቅ ጥቅሙ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ዘንጉ ወደ ውሃው ጠልቆ ስለሚወርድ፤ ጥልቀት በሌለው ስፍራ ከድንጋይና ከአሸዋ ጋራ ይጋጫል። ባለ ክንፉ ግን አንዱን መርገጫ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፍቶ በመያዝ ክንፎቹን ከጀልባው ሆድ ጋራ ማጣበቅ ስለሚቻል፤ በጥልቀት የለሽ ውሃ ላይ በቀላሉ ያልፋል። አጎቴ የሚነዱት ባለ ክንፉን ነበር፤ ለእኔ የሰጡኝ ባለ ውልብልቢቱን ነው።

አጠቃቀሙን በተመለከተ አጎቴ ያስተማሩኝን በተራ ላቅርብ።

የመጀመሪያው ነገር መቀመጫን ከእግር ጋራ ማስተካከል ነው። መርገጫው ከሁሉ ርቆ በሚገኝበት ጊዜ ጉልበት በመጠኑ እጥፍ ማለት ይገባዋል። እግር ፈጽሞ የሚዘረጋ ከሆነ ዳሌና ወገብ በየርግጫው ይናወጣሉ፤ እጅግ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ጉልበት ይታመማል። ይህን ከመሬት ላይ ሳሉ ማስተካከል ይገባል እንጂ፤ ከማዕበል ላይ ሆኖ መታገል አይረባም።

ሁለተኛው ነገር መንጃውን ወደ ውሃ የማውረጃውን ጊዜ ማወቅ ነው። ጀልባው ከዳር በሚነሣበት ጊዜ በመቅዘፊያ ይቀዘፋል፤ ውሃው ጠለቅ ሲል መንጃው ይወርዳል። ወደ ዳር ሲመለሱም እንዲሁ፤ አሸዋው ከመድረሱ በፊት መንጃው ይነሣል፤ የቀረውም በመቅዘፊያ ይፈጸማል። ማዕበል ጀልባውን ከኋላ እየገፋ ወደ ዳር በሚያመጣበት ጊዜ፤ የተረሳ መንጃ የጀልባውንና የሰውን ሙሉ ክብደት ተሸክሞ ከመሬት ጋራ ይጋጫል።

ሦስተኛው ነገር የርግጫው መጠን ነው። እንግዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በኃይል ይረግጣል፤ እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ። ነገር ግን ውሃ የራሱ ሕግ አለው። ፍጥነትን በእጥፍ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ሳይሆን ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ረጋ ብሎ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ከዚያ በላይ ለማግኘት የሚታገል ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደክማል፤ መንጃውንም ያደክማል።

አራተኛው ነገር መሪ ነው። ከጀልባው ኋላ ያለው መሪ በእጅ በሚያዝ ትንሽ እጀታ ይዘወራል። መሪ የሚሠራው ጀልባው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። የቆመ ጀልባ መሪውን አይሰማም። ስለዚህ ከምሰሶ ወይም ከሌላ ጀልባ አጠገብ በደረሱ ጊዜ ፈጽሞ ከማቆም ይልቅ በዝግታ መርገጥ ይሻላል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነፋስን መመልከት ነው። አጎቴ፤ «ልጄ፤ ሲሄዱ በነፋሱ ፊት፤ ሲመለሱ በነፋሱ ጀርባ» ይሉኝ ነበር። ይኸውም ጉልበት ሳለ ነፋሱን እየተቋቋሙ መሄድ፤ ሲደክሙ ግን ነፋሱ ወደ ቤት እየገፋ እንዲያመጣ ነው። ከምድር ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ አታላይ ነው። በዳር ያሉት ዛፎች ስለሚከልሉት ውሃው ከዳር ሲታይ እንደ መስተዋት ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ጥቂት ርቀው በሄዱ ጊዜ ግን ነፋሱ ከጀርባ ይዞ ወደ መካከል ይወስዳል፤ መመለሻውም ፊት ለፊት ትግል ይሆናል።

ይህን ሁሉ ትምህርት ሰምቼ ሳለ ነው እንግዲህ ጥፋቱን የሠራሁት። ቅዳሜ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ዳር ስንመለስ፤ ባጠመድሁት ዓሣ ደስ ብሎኝ መንጃውን ማንሣት ረሳሁ። ውልብልቢቱ ከአሸዋው ጋራ ገጭ አለ። አጎቴ ከፊት ሆነው፤ «ምን ሆነ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፍሬ፤ «ምንም የለም፤ ጋሼ» ብዬ መለስሁ። ፔዳሉን ባዞረው ውልብልቢቱ ይዞራል፤ ስለዚህ ነገሩ በዚያው ያበቃ መሰለኝ። ማታም እንግዳ ስለ መጣባቸው፤ ሁለቱንም መንጃዎች በጣፋጭ ውሃ አጥቤ፤ ፈትሼ እንዳስቀምጥ አዘውኝ ወደ እንግዳቸው ገቡ። እኔ ግን ደክሞኝ ነበርና የእሳቸውን ብቻ አጥቤ፤ የእኔን እንዳለ ከግድግዳው አስደግፌ ተውሁት።

በማግሥቱ እሑድ ማለዳ ሳንዲ ፖይንት ከተባለው የሕዝብ መናፈሻ ዳር ተነሣን። በዚያ አጠገብ ወሽመጡን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጥ ታላቅ ድልድይ አለ፤ የመጀመሪያው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም.፤ ከጎኑ ያለው ሁለተኛው በ1973 ዓ.ም. ተከፈተ። ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምሰሶዎቹ ሥር ስትራይፕድ ባስ የተባለው ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ ይሰበሰባል፤ የአገሩ ሰዎች ሮክፊሽ ይሉታል። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነበር፤ በዳሩ ግን አይሰማም። መቅዘፊያዬ ከማጥመጃው ክር ጋራ እየተጠላለፈ ስላስቸገረኝ፤ አጎቴ ሳያዩኝ ከመኪናው ውስጥ ተውሁት። መነሻችን ላይ ውሃው ወዲያው ጠለቅ ይል ነበርና፤ በእግሬ እየገፋሁ ገብቼ ያለ መቅዘፊያ ተነሣሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፋሱ በረታ። ከምሰሶዎቹ አልፈን ወደ ጥልቁ እየተገፋን መሆኑን አጎቴ አይተው እንመለስ አሉኝ። እኔም ጀልባዬን አዙሬ ነፋሱን ለመቋቋም ኃይሌን ሁሉ ሰብስቤ ረገጥሁ። በዚያ ጊዜ ከእግሬ በታች ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ፔዳሎቹም ክብደታቸው በአንድ ጊዜ ጠፋ። እግሬ ይዞራል፤ ጀልባው ግን አይሄድም። ጀልባዬ ጎኑን ለማዕበሉ ሰጥቶ ወደ መርከቦቹ መንገድ መንሳፈፍ ጀመረ። በሩቁም ወደ ባልቲሞር የሚወጣ አንድ የጭነት መርከብ ይታይ ነበር። መርከብ የሚያህል ነገር ትንሽ ጀልባ አይቶ በቶሎ ሊቆም ወይም ሊታጠፍ እንደማይችል ለማንም የተሰወረ አይደለም።

አጎቴ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። በመጀመሪያ የጠየቁኝ፤ «መቅዘፊያህ የት አለ?» ብለው ነው። መልስ አልነበረኝም። ሌላ ቃል ሳይናገሩ የራሳቸውን መቅዘፊያ አቀበሉኝ፤ ገመድ አውጥተውም የእኔን ጀልባ ከኋላቸው አሰሩ። እሳቸው በእግራቸው እየረገጡ፤ እኔ ከኋላ እየቀዘፍሁ፤ በሄድንበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል የወሰደብንን መንገድ በሁለት ሰዓት ያህል ተመለስን። በዚያ ሁሉ ጊዜ የእሳቸው መንጃ አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ፤ መቅዘፊያቸውን ለእኔ ስለ ሰጡ ሁለታችንም ማምለጫ አልነበረንም። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው በእኔ ስንፍና ምክንያት ደረታቸው ሲነፍስ እየሰማሁ መምጣቴን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዳር ከደረስን በኋላ አጎቴ ውልብልቢቱን ፈቱት። ውልብልቢቱን ከዘንጉ ጋራ የምታያይዝ እንደ ክብሪት እንጨት ያለች ትንሽ ችንካር አለች፤ እርስዋ ለሁለት ተሰብራ ተገኘች። አጎቴ ስብራቱን ወደ ፀሐይ ይዘው ተመለከቱት። የስብራቱ ገጽ እኩሌታው አዲስና የሚያብረቀርቅ፤ እኩሌታው ግን ጨው የነካው ጥቁር ነበር። «ይህ ስብራት የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ትናንት ተጀምሮ ያደረ ነው» አሉኝ። እኔም ያን ጊዜ ሁሉን ተናዘዝሁ። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ፤ «ልጄ፤ ብረት ይሰበራል፤ በእሱ አያሳፍርም። ለባለቤቱ ያልተነገረ ስብራት ግን ሰው ይገድላል» አሉኝ። አንዲት ትርፍ ችንካር ከመኪናው ሣጥን አውጥተው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተኩት። አምስት ደቂቃ ብቻ! ማታ ብናገር ኖሮ በዚያችው አምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እንግዲህ ስለ አያያዙ የምናገረው ከዚህ የተማርሁትን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፤ ከእያንዳንዱ መንገድ በኋላ መንጃውን ከጀልባው አውጥቶ በጣፋጭ ውሃ ማጠብ ይገባል። በሚታጠብበትም ጊዜ ፔዳሎቹን ቀስ ብሎ ማዞር ያስፈልጋል፤ አለዚያ በማርሹና በካቴናው መካከል የተደበቀው አሸዋና ጨው አይወጣም። በኃይል የሚረጭ የውሃ ቱቦ ግን አይደገንበትም፤ ምክንያቱም ውሃውንና አሸዋውን ጎማዎቹን አልፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከታጠበም በኋላ በጨርቅ ተጠርጎ በጥላ ሥር ይደርቃል።

ሁለተኛ፤ ባለ ውልብልቢት ከሆነ ውልብልቢቱን አልፎ አልፎ ፈትቶ ዘንጉን መመልከት ይገባል። የተቆረጠ የማጥመጃ ክር በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ሊገኝ ይችላል። ክሩ ቀጭን ቢሆንም እየዞረ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይበላዋል፤ ጎማው ሲበላ ውሃ ወደ ማርሾቹ ይገባል። በውስጡ ዘይት ያለው ዐይነት ከሆነ፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ መታየቱ ውሃ ለመግባቱ ምልክት ነው። ይህ በታየ ጊዜ ጎማው እስኪለወጥ ድረስ ወደ ባሕር አይወጣም።

ሦስተኛ፤ ስለ ችንካሪቱ። አንዳንድ ሰው ይህች ችንካር ደካማ ናት ብሎ በቦታዋ የብረት ምስማር ይከታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ችንካሪቱ ደካማ ሆና የተሠራችው ታስቦበት ነው። ውልብልቢቱ ከድንጋይ ጋራ በተጋጨ ጊዜ እርስዋ ተሰብራ ዋጋቸው ከባድ የሆነውን ማርሾች ታድናለች። በቦታዋ ጠንካራ ምስማር ከገባ፤ የሚሰበረው ማርሹ ይሆናል፤ ማርሽ ደግሞ በባሕር መካከል አይለወጥም። ስለዚህ ውልብልቢቱ በተመታ ቁጥር ችንካሪቱ ትፈተሽ፤ ከጎበጠች ወይም ከተሰነጠቀች በራስዋ ዐይነት ትለወጥ።

አራተኛ፤ ባለ ክንፉ መንጃ የራሱ ፍተሻ አለው። ክንፎቹን የያዙት የብረት ምሰሶዎች ቀጥ ማለታቸውንና ከሥራቸው መጥበቃቸውን፤ ክንፎቹ አለመቀደዳቸውን፤ ካቴናዎቹና የብረት ገመዱ አለመላላታቸውን ማየት ይገባል። የላላ ካቴና በመርገጫው ላይ ባዶ እንቅስቃሴ በመሰማቱ ይታወቃል። ነገር ግን ከመጠን በላይ የተወጠረም አይረባም፤ ኩሽኔታዎቹን ቶሎ ይጨርሳቸዋል። የክንፉ ውጥረትም ልክ አለው። ክንፉ ሲወጠር ርግጫው ይከብዳል፤ ፍጥነትም ይጨምራል፤ ሲላላ ርግጫው ይቀላል። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ላላ አድርጎ ቢሄድ ይጠቅመዋል።

አምስተኛ፤ ብሎኖቹ። የማይዝግ ብረት ብሎን በአሉሚንየም ውስጥ ገብቶ ጨው ሲያገኘው፤ ሁለቱ ብረቶች እየተበላሉ አንዱ ከሌላው ጋራ ይጣበቃል፤ ኋላም ካቻቪቴና ቁልፍ አይፈታውም። ስለዚህ በየጊዜው ተፈትቶ፤ ለባሕር ውሃ የተዘጋጀ ግራሶ ተቀብቶ መመለስ ይገባዋል። ግራሶውም የትኛው ስፍራ እንደሚቀባ ከሠሪው ድርጅት መጽሐፍ ላይ ታይቶ ነው እንጂ በየቦታው የሚለደፍ አይደለም፤ ያለ ቦታው የተቀባ ግራሶ አሸዋ ይይዛል።

ስድስተኛ፤ ክረምቱ ሲገባ። በሜሪላንድ የፈረንጆቹ ክረምት ውሃን ያረጋል። ውሃ ሲረጋ ይሰፋልና፤ በመንጃው ውስጥ የቀረ ጥቂት ውሃ ሽፋኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ውሃው ፈጽሞ ወጥቶ፤ ክንፎቹ ሳይታጠፉ፤ ከፀሐይና ከውርጭ በተከለለ ስፍራ ይቀመጣል። ጀልባውም ሲገለበጥ መንጃው የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ አለመሰንጠቁ ይታያል፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነውና።

አጎቴ ይህን ሁሉ የሚጽፉበት አንድ ትንሽ ደብተር አላቸው። መቼ እንደ ታጠበ፤ መቼ ግራሶ እንደ ተቀባ፤ ምን እንደ ተሰበረና ምን እንደ ተለወጠ በአማርኛ ጽፈው ይይዛሉ። እኔም የዚያን እሑድ ስብራት በገዛ እጄ እንድጽፍ አዘውኝ፤ «ቅዳሜ ተመታ፤ አልተነገረም» ብዬ ጻፍሁ።

አድማጮቼ ሆይ፤ መንጃው የቱን ያህል ቢጠበቅ፤ ወደ ባሕር ሲወጡ አብረው የማይለዩ ዕቃዎች አሉ። እነርሱም ከጀልባው ጋራ በገመድ የታሰረ መቅዘፊያ፤ በገላ ላይ የተለበሰ የነፍስ አድን ሰደርያ፤ ፊሽካ፤ የመጎተቻ ገመድ፤ ከውሃ በተከለለ ሣጥን ውስጥም ትርፍ ችንካር፤ ፒንሳና ቁልፍ ናቸው። ሰደርያውን ከመቀመጫ ሥር ማስቀመጥ እንደ አለመያዝ ይቈጠራል። በጸደይ ወራት አየሩ ሞቆ ውሃው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። በብርቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሹን መግዛት ያቅተዋል፤ በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ ደግሞ ጣቶቹ መታዘዝ ያቆማሉ። ጣት ካልታዘዘ ሰደርያ መታጠቅ አይቻልም። ከጀልባው ወድቆ ተመልሶ መውጣትንም በሞቃት ቀን፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ፤ ሰው ባለበት አስቀድሞ መለማመድ ይገባል።

በመጀመሪያ፤ ይህ ነገር ለእኛ ምን ይረባናል ለሚለው አድማጭ መልሱን ለራሱ እተውለታለሁ ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርለት። አጎቴ በዚያ እሑድ ማታ ስለ ጣና አጫወቱኝ። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ የሚከብድ ስለ ሆነ፤ ባለታንኳው ከመንገዱ ሲመለስ የቱንም ያህል ቢደክመው ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ሳያሰጣ ወደ ቤቱ አይገባም። ታንኳውን በውሃ ላይ ያሳደረው ሰው በማግሥቱ የሚነሣው በከበደና በበሰበሰ ታንኳ ነው። «እኔ ባለ ፔዳሉን ጀልባ ማጠብ የተማርሁት በአሜሪካ አይደለም፤ በጣና ዳር ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ደንገልም ይሁን ፕላስቲክ፤ ጀልባ የሚጠበቀው በመሬት ላይ ነው። ብስክሌት ያለው፤ የእህል ወፍጮ ያለው፤ የልብስ ስፌት መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቃል ወደ ራሱ ዕቃ ሊመልሰው ይችላል። የሌላ ሰው ዕቃ በእጁ ሳለ የተመታበትም ሰው፤ ዛሬውኑ ሄዶ ለባለቤቱ ይንገር። አባቶቻችን፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ነው። እኔ በዚያ እሑድ ከማልቀስ የዳንሁት በራሴ ጥንቃቄ ሳይሆን፤ ዕቃቸውን በጠበቁ በአንድ ሽማግሌ እግር ነው።